የብሎን ሼልፍ ወይስ የብየዳ መደርደሪያ? ለባሕር ዳር ጋራዥ የሚሆነው

በባሕር ዳር ግቢዎች ጋራዥ ውስጥ መኪናው ወይም ባጃጁ ብቻውን አያድርም። የመርዓዊ በቆሎ፣ የፎገራ ሩዝ፣ የዘይት ጀሪካን፣ ትርፍ ጎማ፣ የድግስ ድስት፣ ከግንባታ የተረፈ ቀለምና ሚስማር አብሮት ይከርማል። ይህን ሁሉ ለመደርደር ሰው የሚገዛው በአብዛኛው ከሁለቱ አንዱን ነው፤ ተፈታትቶ የሚሸጠውን የብሎን ሼልፍ ወይም ብረታ ብረት ቤት የሚታዘዘውን የብየዳ መደርደሪያ። ፍርዳችንን ከፊት እናስቀምጠው፦ ለቀላል ዕቃና ለተከራይ የብሎኑ ይበቃል፤ እህልና ጀሪካን ለሚጫንበት ግን የብየዳው ይሻላል። ሁለቱም ቢሆኑ እግራቸው ካልታሰበበት ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው እርጥበት ይበላቸዋል።

የብሎን ሼልፉ የተለመደው መጠን 2 ሜትር ቁመት፣ 90 ሴንቲ ወርድ፣ 40 ሴንቲ ጥልቀት ነው። ባለ አምስት ደርቡ 4 ቋሚ፣ 5 ላሜራ፣ 40 ብሎን ከነዳዶው (በየማዕዘኑ ሁለት ሁለት) ሊኖረው ይገባል። ሱቅ ላይ ሳሉ ይቆጠር። ባለ ሦስት ጎን የማዕዘን ማጠናከሪያዎቹም እንዳይረሱ፤ እነሱ ከሌሉ ሼልፉ እንደ ሰካራም ይወዛወዛል። መግጠሚያቸው የላይኛውና የታችኛው ላሜራ ላይ ነው። ሲገጣጠም ሰው የሚሳሳተው አንዱን ማዕዘን አጥብቆ ወደ ሌላው በመሄድ ነው፤ ያኔ የመጨረሻዎቹ ቀዳዳዎች አይገጥሙም፣ በመዶሻም ይደበደባሉ። ብሎኖቹ ሁሉ መጀመሪያ በእጅ ብቻ ይያዙ። ከዚያ ሼልፉ ቆሞ ከጀርባው ሰያፍ ለሰያፍ ይለካ። በዚህ መጠን ሁለቱም ሰያፎች 2 ሜትር ከ19 ሴንቲ ግድም መምጣት አለባቸው። እኩል ሲሆኑ በቁልፍ ይጠበቃል።

ሻጩ ለአንድ ደርብ የሚጠራው ኪሎ እኩል ለተዘረጋ ጭነት ነው። ጀሪካን ግን ክብደቱን በጠባብ ቦታ ያሳርፋል። 20 ሊትር ዘይት 18 ኪሎ ግድም ነው፤ ሦስቱ ተደርድረው 55 ኪሎ ሲሆኑ ስሱ ላሜራ መሃሉ ይሰረጉዳል። መግዣው ላይ መሃሉን በአውራ ጣት ተጭኖ ማየት ነው። ገባ ወጣ የሚል ከሆነ ለጫማና ለመጽሐፍ እንጂ ለጀሪካን አይሆንም። የገዛ ሰው ደግሞ ላሜራው ላይ ጣውላ ቢያነጥፍ ክብደቱ ይከፋፈልለታል። ቺፕውድ ግን አይነጠፍ፤ በአንድ ክረምት ያብጣል፣ ይፈረፈራል።

ትልቁ ድክመቱ ዝገት ነው። ቀለሙ ጠፍጣፋው ገጽ ላይ ጥሩ ነው፤ የቀዳዳዎቹ ጠርዝና የተቆረጠው ጫፍ ላይ ግን ይሳሳል፣ ዝገቱም ከዚያ ይጀምራል። ከሥር የሚሰካው የፕላስቲክ ጫማ ውሃ ይቋጥርና እግሩን ከውስጥ ይበላዋል። ከመግጠም በፊት የእግሮቹን ታችኛውን 10 ሴንቲ አንቲረስት (ዝገት የሚከላከል ቀለም) ሁለት ጊዜ መቀባት፣ ሲቆም ደግሞ ከእያንዳንዱ እግር ሥር የሴራሚክ ቁራጭ ማድረግ ይጠቅማል። ወለሉ እርጥበት ከየት እንደሚያመጣ ለማወቅ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር ላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር ለጥፎ ማሳደር ነው። ጤዛው ከላስቲኩ ሥር ከተገኘ እርጥበቱ ከመሬት ይወጣል፣ ስለዚህ ዕቃ በቀጥታ መሬት ላይ አይቀመጥ። ከላስቲኩ ላይ ከሆነ የአየሩ ነው፤ ለእሱ ግድግዳው አናት ላይ መተንፈሻ መክፈት ይረዳል።

ወደ ብየዳው እንምጣ። እዚህ ጥራቱ በባለሙያው እጅና በብረቱ ውፍረት ይወሰናል፤ ስለዚህ ዋጋ ሲጠየቅ «አንድ መደርደሪያ ስንት?» ከማለት የአንግሉን (የL ቅርጽ ያለውን ብረት) ልክና የሚፈጀውን ዘንግ ብዛት ጠርቶ መጠየቅ ያዋጣል። ለምሳሌ 2 ሜትር ቁመት፣ 1 ሜትር ከ80 ወርድ፣ 50 ሴንቲ ጥልቀት ያለው ባለ አራት ደርብ ከ40 በ40 ባለ 3 ሚሊ አንግል ቢሠራ 6 ሜትር የሆነ 5 ዘንግ ይበቃል። ከአንዱ ዘንግ ሦስት ቋሚ ይወጣል፤ የመቁረጫው ዲስክ በየቁርጡ 3 ሚሊ ያህል ስለሚበላ አራቱም ቋሚዎች 1 ሜትር ከ99 ሆነው ይቆረጡ። ከሁለተኛው አንድ ቋሚና ሁለት ረጅም አግዳሚ፣ ከሦስተኛውና ከአራተኛው ሦስት ሦስት ረጅምና አንድ አንድ አጭር ይወጣል። የቀሩት ስድስት አጫጭሮች ከአምስተኛው ይቆረጡና 3 ሜትር ገደማ ይተርፋል። ይህ ትርፍ የደንበኛው ነው፤ ብረት ቤቱ አይቅር! ሁለት ሜትሩ በየደርቡ መሃል ለሚያልፍ አጭር ደጋፊ ይውላል። 40 ሴንቲው ከታችኛው ደርብ መሃል ሥር ለሚቆሙ ሁለት ባለ 20 ሴንቲ እግሮች፣ ቀሪው ከግድግዳ ለማሰሪያ።

መሃል እግሩ ቅንጦት አይምሰል። 1 ሜትር ከ80 የተዘረጋ ባለ 3 ሚሊ አንግል መሃሉ ሳይደገፍ ሁለት ኩንታል ቢጫንበት አንድ ሴንቲ ግድም ይጎብጣል፣ ብረቱም ከአቅሙ ጫፍ ይደርሳል። ስለዚህ እህል ታች፣ ላይኞቹ ደርቦች ላይ ቢበዛ የዚያ ግማሽ። ለንጣፉ 15 ሴንቲ ስፋት፣ 2.5 ሴንቲ ውፍረት ያለው የደረቀ ጣውላ በየደርቡ ሦስት፣ በድምሩ 12፤ በመካከላቸው 2 ሴንቲ ክፍተት ይተው፣ አየር እንዲያልፍ።

መደርደሪያው የትኛውም ይሁን ከግድግዳ 10 ሴንቲ ይራቅ። ምስጥ ግድግዳውን ይዞ የሚሠራው የጭቃ መንገድ የሚታየው ክፍተት ሲኖር ብቻ ነው። አናቱ ደግሞ የግድ ይታሰር። ብሎኬት መሃሉ ክፍት ስለሆነ ፊሸር (ብሎን የሚይዘው የፕላስቲክ መሰኪያ) እዚያ ላይ ይሽከረከራል እንጂ አይነክስም፤ ትራፓኖው የአርማታ ኮለን (ምሰሶ) ወይም ቢም (አግዳሚ) ይፈልግ።

ስለ እህሉ አንድ ነገር። ጤፍ ነቀዝ ብዙ አይደፍረውም፤ በቆሎ ግን ያለ አየር በሚዘጋው ባለ ሦስት ሽፋን ከረጢት ቢቀመጥ ነቀዙ ታፍኖ ይሞታል፣ በደንብ ደርቆ ከገባ። ያልደረቀ ይሻግታል፤ ከረጢቱን አይጥ ከቀደደውም ጥቅሙ ያበቃል። የነቀዝ ኪኒን የሚባለውን ግን መኝታ ቤት በተጠጋ ጋራዥ ውስጥ መጠቀም ፈጽሞ አይገባም፤ የሚለቀው ጋዝ ሰው ይገድላል። ቤንዚን በጀሪካን ማስቀመጥም እንደዚሁ፣ ትነቱ ወለል ለወለል ሄዶ የከሰል ምድጃ ላይ ይደርሳል።

ክዳን ያላቸው የፕላስቲክ ሳጥኖች ለብርድ ልብስና ለሰነድ ጥሩ ናቸው፤ በበጋ ፀሐይ የመታው ዕቃ ገብቶባቸው ከተዘጉ። በሐምሌ የታሸገ ጋቢ በመስከረም ሻግቶ ይወጣል።

የብየዳ መደርደሪያ ያዘዘ ሰው ቀለም ከመቀባቱ በፊት ሄዶ ይየው። ከቀለም በኋላ ሁሉም ብየዳ ያምራል። የብየዳው ቅርፊት ተመትቶ የረገፈ፣ መጋጠሚያው ዙሪያውን የተበየደ መሆኑን አይቶ ነው «አሁን ቀባው» ማለት፤ ነጥብ ነጥብ ብቻ ከተያዘ ቀሪው ክፍያ ይቆይ።