ሲሊንደር ለመቀየር ኮምቦልቻ ድረስ መውረድ

ደሴ ሆጤ አካባቢ ትንሽ ብየዳ ቤት አለችኝ። በርና መስኮቱን በኤሌክትሪክ እጨርሰዋለሁ። ጋዝ የምፈልገው ወፍራም ብረት ለመቁረጥና ነሐስ ለመበየድ ነው። ኦክስጅን ካለቀ ግን ደንበኛው በር ላይ ቆሞ ያፈጥብኛል።

መጀመሪያ የምቀይረው እዚሁ ደሴ ነበር። ባዶውን ሰጥተህ ሙሉውን ትወስዳለህ፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ፍጥነቱን አልክድም። ግን የራሴን አዲስ ሲሊንደር ሰጥቼ የተቀበልኩት አንገቱ የዛገ፣ የተመረመረበት ቀን እንኳን የማይነበብ ነበር። አዲስ ጫማውን መስጊድ በር ላይ ትቶ በሌላ ሰው ነጠላ ጫማ እንደተመለሰ ሰው ሆንኩ።

የባሰው ግን አሴቲሊኑ፣ ከኦክስጅኑ ጋር የሚነደው ጋዝ፣ ነው። በሁለት ቀን አለቀ። ስመለስ የሱቁ ልጅ «ጌጁ፣ የግፊት መለኪያው፣ ሙሉ ይል የለም እንዴ?» አለኝ። ይላል! አሴቲሊን ግን እንደ ኦክስጅን አይደለም። ሲሊንደሩ ውስጥ እንደ ስፖንጅ ያለ ነገር አለ፣ እሱ አሴቶን የሚባል ፈሳሽ ይዟል፣ ጋዙ የሚቀመጠው አሴቶኑ ውስጥ ሟሙቶ ነው። ስለዚህ ጌጁ ምን ያህል እንደቀረ በደንብ አይነግርህም። መመዘን ነው። ሙሉና ባዶው የሚለያዩት በጥቂት ኪሎ ስለሆነ በእጅ ማንሳትም አያዋጣም። «ሚዛን አላችሁ?» አልኩት። ሳቀ።

ከዚያ ወዲህ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። የማዘወትረው ቤት በሩ ላይ ትልቅ ሚዛን አለው። ባለቤቱን ሃጂ እንላቸዋለን። ሲሊንደሩ ላይ የተቀረጸውን ባዶ ክብደት ያነቡልሃል፣ ያስመዝናሉ፣ ልዩነቱን ደብተር ላይ ይጽፋሉ። የራሴ ሲሊንደር እንዳይለወጥብኝ ስል ቁጥሩን መዝግበው ያንኑ አስሞልተው ይመልሱልኛል። ቀናት ይፈጃል፣ ቢሆንም እጠብቃለሁ።

አንድ ጊዜ ግን አሳፈርኳቸው። አይ፣ ራሴን አሳፈርኩ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ላይ የቆመ ኦክስጅን ገዛሁ። ጌጁ 150 ባር ይላል። በማግስቱ ጠዋት ደሴ ላይ፣ በዚያ ብርድ፣ 140 ሆኖ አገኘሁት። ስልክ አንስቼ «ሃጂ፣ እርስዎም እንደነዚያ ሆኑ?» አልኳቸው። አልተቆጡም። «ልጄ፣ እስከ ቀትር ቆይና ደግመህ እየው» አሉኝ። ቀትር ላይ 145 ሆነ። ጋዙ የትም አልሄደም፤ ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይወርዳል። ደሴና ኮምቦልቻ የሚለያዩት በመንገድ ብቻ አይደለም ለካ።

ቅሬታዬ ከጫኝና አውራጆቹ ጋር ነው። አንደኛ፣ አሴቲሊኑን ፒክአፕ ላይ አጋድመው ይጭናሉ። አቁመው በገመድ ቢያስሩት ምን ነበረበት? ተጋድሞ ከመጣ ደሴ ስደርስ ወዲያው ልጠቀምበት አልችልም፣ ቀጥ አድርጌ አቁሜ ለሰዓታት መጠበቅ አለብኝ። አለበለዚያ አሴቶኑ ከጋዙ ጋር ይወጣል። ሁለተኛ፣ ባለፈው ወር አንዱ ልጅ መኪና ሲሠራ ቆይቶ ግሪስ በነካው እጁ የኦክስጅኑን ቫልቭ ያዘ። ልቤ ቆመ። ኦክስጅንና ቅባት ከተገናኙ እሳት ለመነሳት ክብሪት አያስፈልገውም። ጮህኩበት። ሃጂም ጮሁበት።

አሁን ስወርድ ንጹህ ጨርቅ፣ የራሴን መፍቻና ማፍሰሱን የምፈትሽበት የሳሙና ውሃ በሃይላንድ ይዤ ነው። ልጁ ገና ከሩቅ ሲያየኝ «ባለጨርቁ መጣ!» ይላል። ይበል፣ እጁን ታጥቦ ይመጣል።