ዎርድፕረስ ወይስ ድሩፓል?

ሁለቱም ድረ ገጽ መሥሪያና ማስተዳደሪያ ሶፍትዌሮች ናቸው። ሁለቱም ነፃ ናቸው። ሁለቱም ፒኤችፒ በተባለ የፕሮግራም ቋንቋ የተሠሩ ናቸው። ድሩፓል እ.ኤ.አ. በ2001 ወጣ፣ ዎርድፕረስ በ2003። መመሳሰላቸው እዚህ ላይ ያበቃል።

ዎርድፕረስን ዛሬ ጭነህ ዛሬውኑ ዜና ትለጥፍበታለህ። ባለሙያውም እንደ ልብ ይገኛል። ጣጣው ፕለጊኑ፣ ማለትም ተጨማሪ አገልግሎት እንዲሰጥ የሚቀጠልበት ሶፍትዌር ነው። ለቅጽ አንድ፣ ለቋንቋ ሌላ፣ ለፍጥነት ሌላ እያልክ ትከምራለህ። ከመካከላቸው አንዱ ሳይታደስ ከከረመ ሰርጎ ገብ የሚገባው በዚያው ነው።

ድሩፓል መጀመሪያ ላይ ያደክማል፤ አልዋሽም። ከስሪት 8 ወዲህ ግን የብዙ ቋንቋ አገልግሎት አብሮት ይመጣል። በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በእንግሊዝኛ ለሚሠራ መሥሪያ ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ማን ይጽፋል፣ ማን ያርማል፣ ማን ያጸድቃል የሚለውንም አጥርቶ ይለያል። ዕዳው የሚመጣው ስሪት ሲቀየር ነው። ከ7 ወደ 8 መሻገር ድረ ገጹን እንደ አዲስ የመሥራት ያህል ነበር። ብዙዎች እያመነቱ ቆይተው የ7 ድጋፍ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 ተቋረጠ።

ሦስት ሠራተኛ ያለው ድርጅት ድሩፓል ሲያስተክል ግን ይገርመኛል። የአይቲው ልጅ ሥራ የለቀቀ ዕለት ገጹን የሚነካው ይጠፋል። ለእንዲህ ዓይነቱ ዎርድፕረስ ይበቃዋል። ፕለጊን ከመጫኑ በፊት ግን መጨረሻ የታደሰበትን ቀን ይይ።