ባሕር ዳር እናታችሁን ይዛችሁ ፊልም ልታዩ ካሰባችሁ

ከ9 ዓመት በኋላ ከፍራንክፈርት አገሬ ገብቼ ባሕር ዳር ሦስት ሳምንት ከረምኩ። ሆቴሉም ባጃጁም ደህና ነበር። የፊልሙ ምሽት ግን እስካሁን ያንገበግበኛል።

እናቴ ሲኒማ ገብታ አታውቅም። «ድፍረት»ን ላሳያት ፈለግሁ። ማስታወቂያው 11 ሰዓት ይላል። በር ላይ ቲኬት ሻጩ ከላይ እስከ ታች አየኝና «ተራው አልቋል፤ ቪአይፒ ብቻ ነው ያለው» አለኝ። ሦስት እጥፍ ከፈልኩ። ስንገባ አዳራሹ ግማሹ ባዶ ነው! ወንበሩም ያው አንድ ዓይነት። ብሩ አይደለም የቆጨኝ፤ እናቴ ፊት እንደ ሞኝ መታየቴ ነው። 11 ሰዓት አለፈ። 12 ሆነ። ፊልሙ የጀመረው 12 ሰዓት ከ40 ነው። እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ ምንም ሳትል ጠበቀች። ፍራንክፈርት ሩብ ሰዓት ቢዘገይ ወጥተው ይቅርታ ይጠይቃሉ። እዚህ የሚያናግረን ሰው እንኳ አጣን።

ፊልሙ ውስጥ ጠላፊዋን ተኩሳ የገደለችው ልጅ፣ ሂሩት፣ ታስራለች፣ ጠበቃዋ ደርሳላታለች፣ እናቴ እጄን ጭምቅ አድርጋ ይዛለች። መብራት ጠፋ። ጄኔሬተር አለ፤ ናፍጣ የለም። ገንዘባችንን ስንጠይቅ «ሌላ ቀን ኑ» አሉን። መብራት መጥፋቱንስ ለምጄው ነው ያደግኩት። ግን ቲኬት ከመሸጥ በፊት ናፍጣ መኖሩን ማየት ይህን ያህል ከባድ ነው? ባጃጅ ውስጥ እናቴ እስከ ቤት ድረስ «ኧረ ልጄ፣ ያቺ ልጅ ተፈታች ወይ?» ትለኛለች።

በማግስቱ «ጤዛ»ን ቤት በላፕቶፕ ከፈትኩላት። የኃይሌ ገሪማ ሥራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ፌስፓኮ የሚባለው የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል የሚሰጠውን ትልቁን ሽልማት ወስዷል። ጀርመን የተማረው አንበርብር ጣና ዳር እናቱ ቤት ሲመለስ እኔ ማየት አቃተኝ። ታሪኩ ወደፊትና ወደኋላ ስለሚዘል እናቴ ይምታታባታል ብዬ ነበር። ጭራሽ እኔን አስረዳችኝ። ልጆቹ አፈሳ ፈርተው ዋሻ ሲደበቁ «አጎትህንም እንዲህ ነው የሸሸግነው» አለች። ይህን ሰምቼ አላውቅም ነበር። ከአገራችን ፊልሞች ለእኔ የሚደርስበት የለም።

እ.ኤ.አ. በ2015 ፈረንሳይ፣ ካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ የታየውን የያሬድ ዘለቀን «ላምብ»ም አየን። ተራራው ዓይን ያጠግባል፤ ታሪኩ ግን ቀዘቀዘብኝ። እናቴ ያስጨነቃት የበጉ ነገር ብቻ ነው።

አሁን ስደውልላት ከሰላምታ ቀጥሎ የምትጠይቀኝ ስለ ሂሩት ነው። በስልክ ልነግራት አልፈለግሁም።