የ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ከቤት ተመልካች ወንበር ሲመዘን

ለአገራችን ሊግ ብዬ የዲኤስቲቪ ወርኃዊ ክፍያ የከፈልሁት በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት ዲሽ የምንተክለው ለእንግሊዙ ሊግ ነበር፤ የራሳችንን ክለቦች ለመከታተል ግን አዲስ አበባ ስታዲየም ሄዶ ካታንጋ ወይም ሚስማር ተራ በሚባሉት የተመልካች ቦታዎች መቀመጥ፣ ካልሆነም ጆሮን ለሬዲዮ መስጠት የብዙዎቻችን ዕጣ ነበር። የሊጉ አክሲዮን ማኅበር የዲኤስቲቪ ባለቤት ከሆነው መልቲቾይስ ጋር ለአምስት ዓመት የተፈራረመው፣ 22.5 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ዋጋ እንዳለው የተነገረለት ውል ይህን ልማድ ቀየረው። ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት ውድድሩን በቴሌቪዥን ስለተከታተልሁ፣ ከከፈልሁት ገንዘብና ከሰጠሁት ጊዜ ምን እንዳገኘሁ እዚህ ላይ እጽፋለሁ።

አስቀድሞ የውድድሩን ቁመና ማስታወስ ያስፈልጋል። የ2012ቱ ሊግ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ሻምፒዮን ሳይኖረው ስለተሰረዘ፣ ተጫዋቾቹ ወደ ሜዳ የተመለሱት ከረጅም ወራት ዕረፍት በኋላ ነበር። በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ደግሞ መቐለ 70 እንደርታ፣ ስሑል ሽረና ወልዋሎ አዲግራት ዩኒቨርሲቲ ሊሳተፉ አልቻሉም፤ የ2011 ሻምፒዮን መቐለ በሌለበት የተካሄደን ውድድር ስናወድስ ይህን ጉድለት ማለፍ አግባብ አይመስለኝም። ቀሪዎቹ 13 ክለቦች በየሳምንቱ አንዱ እያረፈ፣ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ እየተዘዋወሩ እያንዳንዳቸው 24 ጨዋታ አደረጉ።

ከስርጭቱ ያገኘሁት ትልቁ ነገር ድጋሚ ምስሉ ነው። ስታዲየም ውስጥ በሰው ትከሻ መካከል እየተንጠራራን ስንመለከት፣ ኳሱ መረብ ላይ ሲያርፍ እንጂ ከየት ተነሥቶ በእነማን እግር እንዳለፈ ብዙ ጊዜ አናስተውልም ነበር፤ ጎሉን ያገባው ሰው ይጨበጨብለታል፣ ተከላካዩን ጎትቶ ቦታውን የከፈተለት አጥቂ ግን ሳይታወስ ወደ ቤቱ ይገባል። አሁን አንዱን ጎል ሦስትና አራት ጊዜ ካየሁ በኋላ የአማካዩን ሩጫ፣ የመሥመር ተከላካዩን መዘግየት፣ የግብ ጠባቂውን አቋቋም ለይቼ መናገር ችያለሁ። በአማርኛ የሚሰጠው ማብራሪያም ከእኔ ጋር ተቀምጠው ያዩ የነበሩትን አባቴን በእጅጉ ረድቷቸዋል፤ በእንግሊዝኛ ጨዋታ ላይ ዝም ብለው የሚቀመጡት ሰው በዚህኛው ላይ ከተንታኙ ጋር ይከራከሩ ነበር።

የዚህ ሁሉ ዋና ተጠቃሚ፣ በእኔ ዓይን፣ የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር ነው። በዚያ ዓመት 29 ጎል አስቆጥሮ፣ ጌታነህ ከበደ በ2009 ዓ.ም. በደደቢት ማሊያ ያስመዘገበውን 25 ጎል አልፏል። አንድ ክለብ 24 ጊዜ ብቻ በሚጫወትበት ውድድር ይህ በጨዋታ ከአንድ ጎል በላይ ማለት ነው። ቁጥሩን በሬዲዮ ሰምቼው ቢሆን ኖሮ የተጋጣሚዎቹን ድክመት እጠረጥር ነበር፤ ስላየሁት ግን ጥርጣሬ አልቀረብኝም። ኳሱ ሳይደርሰው ግራና ቀኙን አይቶ በተከላካዮች መካከል ያለውን ክፍተት ይለካል፣ ግብ ጠባቂው ፊት ሲደርስም አይቸኩልም፤ ሌላው አጥቂ ኃይሉን ሁሉ አሰባስቦ በሚመታበት ቦታ እርሱ ኳሱን ወደ ማዕዘኑ ገፋ አድርጎ ያልፋል። በቀጣዩ የውድድር ዘመን የደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሲያስፈርመው አልተገረምሁም። ከእርሱ በፊት የነበሩ ታላላቅ አጥቂዎቻችን እንዲህ ያለ የምስል ማስረጃ አብዛኛውን ጊዜ አልነበራቸውም፤ ዝናቸው በተመልካች ትዝታ ውስጥ ብቻ መቅረቱ ዛሬም ይቆጨኛል።

ቡና ራሱ በአሠልጣኝ ካሣዬ አራጌ እየተመራ ከግብ ጠባቂው ጀምሮ ኳስ መሥርቶ የመጫወት መንገዱን አልለቀቀም። ግብ ጠባቂው ተክለማርያም ሻንቆ ኳሱን እግሩ ሥር አቁሞ ተጋጣሚው እስኪቀርበው ሲጠብቅ ልቤ ይሰቀል ነበር፤ አንዳንድ ጊዜም ይህ ድፍረት ዋጋ አስከፍሏቸዋል። ሆኖም አንድን ሐሳብ ይዞ ዓመቱን ሙሉ የሚጸና ቡድን ማየት ለእኔ ከውጤቱ በላይ የሚያረካ ነበር። ሁለተኛ ሆነው ጨርሰው የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ተሳትፎ ማግኘታቸው ደግሞ ሐሳቡ ባዶ ውበት ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል። በአንጻሩ ቅዱስ ጊዮርጊስ በዓመቱ መካከል አሠልጣኝ የቀየረ ቡድን ነበር፤ በአጨዋወቱም ያልተረጋጋ ሆኖ አይቸዋለሁ።

ሻምፒዮኑ የጎንደሩ ፋሲል ከነማ ነው፤ በታሪኩ የመጀመሪያው የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ። አፄዎቹ የሚባሉት ፋሲሎች በ2011 በመጨረሻው ቀን ዋንጫው ከእጃቸው አምልጦ፣ በ2012 ደግሞ ውድድሩ ራሱ ተሰርዞባቸው ነበርና የዚህ ዓመት ድል ዘግይቶ የመጣ ነው። በአሠልጣኝ ሥዩም ከበደ ሥር የነበረው ቡድን ከቡና የሚለየው በሚዛኑ ነው፦ ከኋላ ግብ ጠባቂው ሳማኬና ተከላካዩ ያሬድ ባየህ ያረጋጉታል፣ መሐል ላይ ሱራፌል ዳኛቸው አንዲት ኳስ አሳልፎ ጨዋታውን ይከፍታል፣ ፊት ላይ ሙጂብ ቃሲም ያገኘውን አያባክንም። አንድ ለዜሮ ቀድመው ሲመሩ የማይደናገጡ፣ ጊዜውን በሥርዓት የሚጨርሱ ቡድን ነበሩ። ሊጉ ሳይጠናቀቅ ሻምፒዮንነታቸውን ማረጋገጣቸው የተገባቸው ነው።

ትልቁ ቅሬታዬ የሚነሣውም ከእነርሱ ነው። ፋሲል የሊጉ ሻምፒዮን የሆነው በዚያ ዓመት አንድም የሊግ ጨዋታ ጎንደር ላይ ሳያደርግ ነው። ክለቦቹ በአንድ ከተማ ተሰባስበው ለሳምንታት መጫወታቸው በወረርሽኙ ጊዜ አስፈላጊ እንደነበር እቀበላለሁ፤ ለካሜራ ሥራውም ምቹ ነበር። ነገር ግን በሜዳ መጫወትና ከሜዳ ውጭ መጫወት የሚባለው ልዩነት ሲጠፋ የሊጉ ግማሽ ነፍስ አብሮ ይጠፋል። ሶዶ ላይ ወላይታ ድቻን፣ ሆሳዕና ላይ ሀድያ ሆሳዕናን መግጠም ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው፣ በገለልተኛ ሜዳ የተገኘ ነጥብ እኩል ክብደት አለው ብሎ ለመቀበል ይቸገራል። ባዶውን ወንበር እያየሁ የተጫዋቾቹን ጩኸት ከሜዳው ስሰማ ልምምድ የምመለከት ይመስለኝ ነበር። በአንድ ሜዳ ተደጋጋሚ ጨዋታ ሲደረግ ሣሩ እየተጎዳ ኳሱ መንጠር መጀመሩ፣ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ፀሐይ ስትበረታ የጨዋታው ፍጥነት መውረዱም በምስሉ ላይ በግልጽ ይታይ ነበር።

ሰፈራችን ባለ አንድ ካፌ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት ያጋጠመኝንም ልናገር። የአገራችንን ጨዋታ እየተከታተልን ሳለ፣ ገና ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ባለቤቱ ወደ እንግሊዙ ሊግ ቀየረው። «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ደንበኛው የሚፈልገው ይኼን ነው» አለኝ፤ በትሕትና ነው የተናገረው፣ እኔ ግን ሒሳቤን ከፍዬ ወጣሁ። ቀሪውን ቤቴ ገብቼ ለማየት ስሮጥ ጨዋታው አልቆ ነበር።

የሊጉ መጠሪያ ለውርርድ ድርጅት መሸጡን ደግሞ ከልቤ አልተቀበልሁትም። ክለቦች ገንዘብ እንደሚያስፈልጋቸው አውቃለሁ፤ ይሁን እንጂ ወጣቶች የዕለት ገቢያቸውን በውርርድ ቤት በሚጨርሱበት ጊዜ ልጆቻችን የአገራቸውን ሊግ ሲጠሩ በድርጅቱ ስም ቤትኪንግ ብለው እንዲጀምሩ መደረጉ ያሳስበኝ ነበር።

ይህ ሁሉ ሆኖ በዚያን ጊዜ ክፍያውን ለሚያመነታ ሰው ግባበት እለው ነበር። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ዋልያዎቹ በውበቱ አባተ እየተመሩ ከስምንት ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ሲያልፉ፣ አብዛኞቹን ተጫዋቾች በስም ብቻ ሳይሆን በአሯሯጣቸው ጭምር የለየኋቸው በየሳምንቱ ሊጉን ሳይ ስለቆየሁ ነው። እኔ ለ2014ም ከፍዬ ነበር፤ ከአዘጋጆቹ የጠበቅሁት አንድ ነገር ቢኖር ሻምፒዮኑን በጎንደር ሕዝብ ፊት ሲጫወት የሚያሳየኝ ስርጭት ነበር።