«ዛሬ ገዝታችሁ ዛሬውኑ ዓሣ» ከሚል የአኳሪየም ሻጭ ተጠንቀቁ

ደብረ ብርሃንና አካባቢዋ የምትኖሩ፣ ሳሎናችሁ ውስጥ በአኳሪየም (ዓሣ በሚኖርበት የመስታወት ገንዳ) የባሕር ዓሣና ኮራል (ድንጋይ የሚመስል የባሕር እንስሳ) ለማኖር ያሰባችሁ ወገኖቼ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ። እኔ ያነበብሁት 95,000 ብር ከከፈልሁ በኋላ ነው። ገንዘቡ የሁለት ዓመት ዕቁብ ነበር። ባለቤቴ ዛሬም «ዓሣው እኮ» ስትል ስለ ዓሣው እያወራች እንዳልሆነ ይገባኛል።

ሻጩ የመጣው ከአዲስ አበባ ነው። ባለ 200 ሊትር የመስታወት ገንዳ፣ ፓምፕ፣ መብራት፣ ማሞቂያ፣ አንድ ጆንያ «የባሕር ጨው»፣ ሦስት ኮራልና አራት ዓሦች በአንድ ፒክአፕ ተጭነው ጠዋት ደረሱ። ከሰዓት በኋላ ዓሦቹ ጠባሴ ካለው ቤቴ ሳሎን ውስጥ ይዋኙ ነበር። ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት እናት ሊያዩ መጥተው «ይበላል?» ብለው ጠየቁ። «አይበላም እማማ» አልኋቸው። «ታዲያ ጨው የምትጨምሩበት ለምንድን ነው?» አሉ። ሳቅን። አሁን ሳስበው በዚያ ቀን ስለ ጨው የጠየቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ማታለሉ የሚጀምረው ከችኮላው ነው። ዓሣ አሞኒያ ያስወጣል፤ አሞኒያ ደግሞ ለራሱ ለዓሣው መርዝ ነው። አንድ ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ደግሞ ናይትራይቱን ጉዳቱ ወዳነሰ ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በድንጋዩና በአሸዋው ላይ እስኪባዙ ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። ጠላ እንኳን ጥንስሱ ሳይብላላ አይጠጣም። ዓሣ የሚገባው አሞኒያውም ናይትራይቱም ተለክተው ዜሮ ሲሆኑ ነው። ከዕቃዎቹ መካከል የጎደለው አንድ ነገር መለኪያው ነበር፤ ይህም በመርሳት የሆነ አይመስለኝም።

በሦስተኛው ቀን አንዱ ዓሣ ከውኃው ወለል ላይ ተጠግቶ አፉን ይከፍትና ይዘጋ ጀመር። ስደውልለት ሻጩ «ርቦት ነው ወንድሜ፣ መግበው» አለኝ። መገብሁት። የበላውም ያልበላውም ተመልሶ አሞኒያ ሆነ። በአምስተኛው ቀን አራቱም አለቁ።

ወደ ጨዉ ልምጣ። ጆንያው ላይ አንድም ጽሑፍ አልነበረም። አንድ እፍኝ ዘግኜ ከወጥ ቤታችን ያልተፈጨ ጨው ጎን ሳህን ላይ ባስቀምጠው የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት አቃተን። አንድ ሊትር የባሕር ውኃ 35 ግራም ያህል ጨው ይይዛል፤ ከዚህ ውስጥ 85 በመቶ ገደማው ወጣችን ውስጥ የምንጨምረው ዓይነት ሶዲየምና ክሎራይድ ነው። ኮራልን የሚያኖረው ግን በቀሪው ውስጥ ያለው ነው፤ በሊትር 400 ሚሊግራም ገደማ ካልሲየም፣ ወደ 1,300 የሚጠጋ ማግኒዥየምና ሌሎችም። ኮራል አጥንቱን የሚሠራው ከዚያ ካልሲየም ነው። የወጥ ጨው ውኃውን ጨዋማ ያደርገዋል እንጂ ባሕር አያደርገውም። ለአኳሪየም የተዘጋጀ ጨው ታሽጎ፣ ይዘቱ ተጽፎበት ነው የሚሸጠው። ስም በሌለው ጆንያ የሚመጣውን አትቀበሉ።

ስለ ኮራሎቹ ሳወራ አሁንም ደሜ ይፈላል። አንዱ ሐምራዊ፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ብርቱካናማ ነበሩ። «ሕያው ናቸው፤ ብርሃኑን ሲለምዱ ያብባሉ» ተብዬ ነበር። ባለቤቴ በአራተኛው ቀን መስታወቱን ከውስጥ ስትወለውል ጨርቋ ኮራሉን ነካ፤ ስታወጣው ሐምራዊ ሆኗል። በቢላዋ ጫፍ ፈቅፈቅ ሳደርገው ከቀለሙ ሥር ነጭ የደረቀ አጥንት ወጣ። ሕያው ኮራል እንስሳ ነው፤ ቀረብ ብላችሁ ስታዩት ጥቃቅን አፎች አሉት፣ ሲነኩት ይሸማቀቃል። በዚያ ላይ የድንጋያማ ኮራሎች ንግድ ሳይቲስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው፤ ኢትዮጵያም ከ1989 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ አባል ናት። ስለዚህ ሕያው ኮራል አለኝ የሚላችሁን ሰው የአስመጪነት ፈቃዱን ጠይቁት።

ብርቱካናማዎቹን ዓሦች ደግሞ «ከቀይ ባሕር የመጡ» ብሎ ነው የሸጠልኝ። ሦስት ነጭ ቀበቶ ነበራቸው። የቀይ ባሕሩ ዘመዳቸው ሁለት ነው ያለው። ትንሽ ውሸት ናት፤ ብቆጥር ኖሮ ግን ያኔውኑ እነቃ ነበር።

ለእኛ ለደጋዎቹ ደግሞ የተለየ ጉዳይ አለ። የኮራል ገንዳ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል። የተሰጠኝ ማሞቂያ 50 ዋት ነበር። ወሩ ኅዳር ነው፣ ውጭው ውርጭ ነው፤ ጠዋት ስነሳ ቴርሞሜትሩ 18 ይላል። ደግነቱ የምኖረው ብርድ ልብስ በሚሠራበት ከተማ ነውና አንዱን አውጥቼ ገንዳውን ጠቀለልሁት፤ ሰው ሲመጣ የታመመ ዘመድ ያስተኛን እንመስል ነበር። ለዚህ ብርድ ቢያንስ 200 ዋት፣ ቢቻል ለሁለት ማሞቂያ ተከፍሎ፣ ያስፈልጋል። ሌላም አለ፦ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምንኖር፣ ውኃ ሊይዘው የሚችለው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ የውኃውን ወለል በደንብ የሚያናውጥ ፓምፕ፣ እንዲሁም መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚሠራ የአየር መንፊያ የግድ ነው። አዳማ ወይም ድሬዳዋ ላይ ይሠራል የተባለ ዕቃ እዚህ አይሠራም።

ደረሰኝ አልጠየቅሁም ነበር። አቤት ልል የሄድሁበት ቢሮ የመጀመሪያ ጥያቄው እሱ ሆነና አፍሬ ተመለስሁ። እናንተ ደረሰኙን ያዙ፤ ቅድሚያ ክፍያውንም ለገንዳውና ለዕቃው ብቻ አድርጉ። የዓሣው ሒሳብ ከወር በኋላ፣ ውኃው ፊታችሁ ተለክቶ ይሁን። በዚህ ቅር የሚለው ሻጭ ይሂድ።

ገንዳውን አልጣልሁትም። የታሸገ ጨው አስመጥቼ፣ መለኪያ ገዝቼ እንደገና ጀምሬአለሁ፤ አሁን አምስተኛ ሳምንቱ ነው፣ ውስጡ ድንጋይና ውኃ ብቻ። ባለፈው ሳምንት ሻጩ ራሱ ደወለ። «አዳዲስ ዓሦች ገብተውልኛል፣ ላንተ በግማሽ ዋጋ፣ ነገ ላምጣልህ?» አለኝ። «ናይትራይቴ ገና ዜሮ አልገባም፣ ምን ትመክረኛለህ?» አልሁት። ስልኩ ተቋረጠ።