ለጋርተር እባብ ውሃና እርጥበት፦ ጭጋግ የሚነፋው ማሽን ወይስ ሳህንና ሞስ?

ባለፈው ወር ብቻ አራት ጓደኞቼ ደወሉልኝ። እኛ ቤት ጋርተር የሚባል፣ ውሃ ዳር የሚኖር ዓይነት እባብ ስላለን ጥያቄያቸው አንድ ነው። «ልጄ እባብ ካልገዛሽልኝ ብላ አላስቀምጥ አለችኝ። እናንተ ውሃውን እንዴት ነው የምታደርጉት? ያንን ጭጋግ የሚነፋ ማሽን ልግዛው?» ለሁሉም በየተራ ከማስረዳ አንዴ ጽፌ ልላክላቸው ብዬ ነው።

መልሴን ከአሁኑ ልንገራችሁ። ማሽኑን አትግዙ። ከበድ ያለ የሴራሚክ ሳህንና እርጥብ ሞስ (እንደ ስፖንጅ ውሃ የሚይዝ ለስላሳ ተክል) የገባበት ባለክዳን ዕቃ ይበቃል። ሁለቱንም ሞክሬያለሁ፣ የሁለቱንም ወጪ ጽፌ ይዣለሁ።

የምንኖረው አሜሪካ፣ ዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። የዴንቨር አካባቢ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ነው፣ አየሩም ደረቅ ነው። ዊንተር ላይ ሂተር ሲከፈት የቤታችን እርጥበት 20 በመቶ እንኳ የማይሞላበት ቀን አለ። የኛም ከንፈር ይሰነጠቃል። ለጋርተር እባብ ከ40 እስከ 60 በመቶ ቢሆን ጥሩ ነው። ቆዳዋን ልትቀይር ስትል ደግሞ ትንሽ ከፍ ያለ ትፈልጋለች።

የልጄ እባብ ጥለት ትባላለች። ጥቁር ጀርባዋ ላይ ከአንገት እስከ ጭራ የሚሄድ ሦስት ቢጫ መስመር አላት። ልጄ «የነጠላ ጥለት ትመስላለች» ብላ ነው ስሙን ያወጣችላት። በመጀመሪያው ኅዳር ቆዳዋን ስትቀይር ሙሉ አልወጣም። እንደ ተቀደደ ላስቲክ ቁርጥራጩ ሰውነቷ ላይ ተለጥፎ ቀረ። የጭራዋ ጫፍ ላይ እንደ ቀለበት ተጠምጥሞ የቀረ ነበር። ያ ሲከማች ደም ዝውውሩን ያግዳል፣ የጭራውን ጫፍም ሊያሳጣት ይችላል። እኔም ደንግጬ በዚያው ማታ ማሽኑን ኦንላይን አዘዝኩ። 34 ዶላር።

ማሽኑ የታወቀ ዕቃ ቅጂ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። ካርቶኑ ቁርጥ ያንን ይመስላል። ሲታይ ግን የኤሌክትሪክ ዕቃ ላይ መኖር ያለበት የደኅንነት ምልክት፣ ዩኤል ወይም ኢቲኤል የሚለው፣ የትም የለበትም። ውሃው ሲያልቅ ራሱን የሚያጠፋበት ነገርም የለውም። ከታች ጣት ጥፍር የምታክል ሴራሚክ ዲስክ አለች። ውሃውን እያንቀጠቀጠች ጭጋግ የምታደርገው እሷ ናት። ያለ ውሃ ከሠራች ትቃጠላለች። የኛ በሦስተኛው ሳምንት ተቃጠለች። ሌሊት የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝና ተነሥቼ ነቀልኩት።

መለወጫ ዲስክ 7 ዶላር አወጣሁ። ራሴ ፈትቼ ቀየርኩት። ቧንቧ ውሃ ስጨምርበት ደግሞ በጥቂት ቀን ውስጥ ዲስኩ ላይ ነጭ ቅርፊት ተጋገረ፣ ጥለት የምትኖርበት ሳጥን መስታወትም ዱቄት የተነፋበት መሰለ። በውሃው ውስጥ ያለው ማዕድን ነው። ኮምጣጤ ውስጥ ዘፍዝፌ አጸዳሁት፣ ተመለሰ። ስለዚህ የተጣራ ውሃ መግዛት ግድ ሆነ፣ ጋሎኑ 1 ዶላር ከ50። በሳምንት ሁለት ጋሎን ይጨርሳል። እስከ የካቲት ድረስ ለ12 ሳምንት ሠራ፣ 36 ዶላር ማለት ነው። 34፣ 7፣ 36። ድምሩ 77 ዶላር።

ገንዘቡ ይሁን። እኔን ያሳዘነኝ የጥለት ሆድ ነው። አንድ ቀን ልጄ «እማዬ፣ ሆዷ ላይ ምንድነው ያለው?» አለችኝ። አንሥቼ ሳይ ሦስት ቦታ ውሃ ቋጥሯል። ጭጋጉ ቀን ከሌሊት ወለሉን ሲያርሰው ቆይቷል፣ እሷም እርጥብ ላይ ነው የምትተኛው። የእንስሳት ሐኪም ጋ ወሰድናት፣ 95 ዶላር ከፈልን። ሐኪሟ ያለችን አጭር ነው። ጋርተር ውሃ ዳር የሚኖር እባብ ቢሆንም ከውሃ ሲወጣ ደረቅ ቦታ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። መኝታው ሁሌ እርጥብ ከሆነ ቆዳው ይቆስላል። ወለሉ ላይ የተነጠፈውን አውጥተን ሁለት ሳምንት የኩሽና ወረቀት አነጠፍንላት። ዳነች። ማሽኑን በዚያው ነቀልን። የማሽኑ ታንክ ውስጥ የሚቆም ውሃም ባክቴሪያ ያፈራል፣ ማሽኑ ነፍቶ የሚያስተነፍሳት እሱኑ ነው። በየቀኑ ካልታጠበ አደጋ አለው።

አሁን የምንሠራበትን ልንገራችሁ።

ሳህኑ የውሻ የሴራሚክ ሳህን ነው፣ 11 ዶላር። እባብ ዕቃ መሸጫው ድንጋይ የሚመስለውን በ24 ዶላር ይሸጣል። እሱም ነበረን። ቀላል ስለሆነ ከሥሩ ገብታ ትገለብጠዋለች፣ ሻካራ ስለሆነም ቆሻሻው ስንጥቁ ውስጥ ይቀራል፣ ብሩሽ አያወጣውም። የሴራሚኩ ለስላሳ ነው፣ አንዴ ሲታሽ ይጠራል። ስፋቱ ሙሉ ሰውነቷን ጥቅልል አድርጋ የምትገባበት ይሁን። ጋርተር ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ ትወዳለች። እዚያው ውስጥም ትጸዳዳለች፣ ስለዚህ ውሃው በየቀኑ ይቀየር። ለመጠጥ የቧንቧ ውሃ ይሆናታል፣ የሚገዛ አያስፈልግም።

ሞሱ ስፋግነም የሚባለው ነው። ተጨምቆ የታሸገው 8 ዶላር ነው፣ ውሃ ሲገባበት ብዙ ይሆናል፣ ለእኛ ግማሽ ዓመት አገለገለን። ዕቃው የአይስክሬም ባዶ ፕላስቲክ ነው፣ ነፃ። ክዳኑ ላይ የእባቧን ውፍረት ሁለት እጥፍ የሚሆን መግቢያ ቀዳዳ አወጣሁ፣ ጠርዙን እንዳይቧጥጣት በአሸዋ ወረቀት አለሰለስኩት። ሞሱን ዘፍዝፌ እንደ ተቀቀለ ጎመን እጨምቀዋለሁ፣ ጠብ እስከማይል። ከዚያ ዕቃው ውስጥ አድርጌ ሳጥኑ መሃል አስቀምጠዋለሁ። ሲደርቅ በ1 ዶላር ከ25 የመርጫ ጠርሙስ ረጨት አደርገዋለሁ፣ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ እቀይረዋለሁ። ሳጥኑ ደረቅ ነው፣ እርጥብ የፈለገች ጊዜ ወደ ዕቃው ትገባለች። ምርጫው የሷ ነው፣ ማሽኑ የወሰደባት ይህንን ነው።

የእጅ ሥራ መሸጫ ውስጥ ያለውን አረንጓዴ ሞስ ግን አትግዙ። ለጌጥ ተብሎ በቀለም የተነከረ አለ። እኔ በ3 ዶላር ገዝቼ ስጨምቀው ውሃው አረንጓዴ ሆኖ ወጣ።

የሳጥኑ ክዳን ወንፊት ከሆነ የምታስገቡት እርጥበት ሁሉ ሽቅብ ይወጣል። ከወንፊቱ ሁለት ሦስተኛውን በአሉሚኒየም ፎይል ሸፈንኩት። የቀረው ለአየር ነው። እሷን የሚያሞቀው መብራት አጠገብ ምንም አላደረግሁም፣ በፎይል ፋንታ ፕላስቲክ ግን መብራት ሥር ጨርሶ አይሁን።

ያለ እርጥበት መለኪያ ይህ ሁሉ ግምት ነው። ባለጠቋሚ ክቡን በ6 ዶላር ገዝቼ ነበር። 55 ይለኛል፣ እኔም ተመስገን እላለሁ፣ ኋላ ላይ ዲጂታሉን ሳስገባ 24 አለኝ። የትኛው ልክ እንደሆነ ለማወቅ በጨው ፈተንኩት። የጠርሙስ ክዳን ሙሉ ጨው ላይ ጥቂት ጠብታ ውሃ፣ ሊጥ እስኪመስል እንጂ እስኪሟሟ አይደለም። ከመለኪያው ጋር በደንብ በሚዘጋ ፌስታል ውስጥ ሌሊቱን ይደር። ጠዋት 75 ማለት አለበት። ዲጂታሉ 73 አለ፣ ክቡ 58። ዲጂታሉን 12 ዶላር ነው የገዛሁት። ከሁሉ በፊት እሱን ግዙ።

11፣ 8፣ 12። የመርጫው ሲጨመር 32 ዶላር ከ25። የማሽኑ ብቻውን 34 ነበር።

በየሰዓቱ ራሱ የሚረጨውን ሲስተም የጠየቃችሁኝም አላችሁ። ከመቶ ዶላር ይበልጣል። ለዝናብ ደን እንቁራሪትና ለእስስት ጥሩ ነው፣ ለጋርተር አያስፈልግም። አየሩ እርጥብ በሆነበት እንደ አትላንታ ወይም ሂውስተን ያላችሁት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሳህኑ ብቻውን ይበቃችኋል። እናንተ የምትጠነቀቁት መታፈንንና ሻጋታን ነው። ወለሉ ላይ አስፐን ፍቅፋቂ ካነጠፋችሁ ሲረጥብ ቶሎ ይሻግታል።

ሳህኑን ኩሽና ውስጥ እንዳታጥቡ አደራ። እባብ ሳልሞኔላ ይሸከማል፣ ታማ ባትታይም እንኳ። እኛ መታጠቢያ ቤት የራሱ ባልዲ አለው፣ ልጄም ሳህኑን በነካች ቁጥር እጇን በሳሙና ትታጠባለች። ከአምስት ዓመት በታች ልጅ ያለበት ቤት እባብ ባይገባ ይሻላል።

ጥለት ባለፈው ማክሰኞ ቆዳዋን ቀየረች። ሳምንት ያህል ዓይኗ ወተት የተቀባ መስሎ ነበር፣ ከዚያ ጠራ፣ ከዚያ ሞሱ ውስጥ ገብታ ጠፋች። ጠዋት ልጄ ክዳኑን ስትከፍት ቆዳው እንደ ወለቀ ካልሲ ተገልብጦ ተቀምጧል። መብራት ላይ አድርገን አየነው። ሁለቱም የዓይን ሽፋን ወጥቷል፣ የጭራው ጫፍም አለ።

ማሽኑን ቀድማችሁ የገዛችሁ ካላችሁ ካርቶኑን አትጣሉ፣ የመመለሻ ቀኑ ሳያልፍባችሁ መልሱ። እኔ ካርቶኑን በመጀመሪያው ቀን ስለጣልኩት ሻጩ አልቀበልም አለኝ።