የመኪናችንን በር ለሠሩልን የደብረ ማርቆሱ ጋሼ ምስጋናዬ ይድረሳቸው

ደብረ ማርቆስና አካባቢዋ ያላችሁ፣ በተለይ ዕድሜዋ የገፋ መኪና የምትይዙ፣ ይህችን ጽሁፍ ጊዜ ሰጥታችሁ አንብቡልኝ። አንድ ባለሙያ ላመሰግን ነው። እናንተም እሳቸው ዘንድ እንድትሄዱ ልጠቁማችሁ ነው። የማወራው ስለ ሞተር አይደለም። ስለ ፍሬንም አይደለም። ስለ በር ነው።

ሰውየው በዕድሜ ጠና ያሉ ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ስለሚላቸው እኔም እዚህ እንደዚያው እጠራቸዋለሁ። ስማቸውና ስልካቸው በአደባባይ እንዲለጠፍ አልፈለጉም፤ ቃላቸውን አከብራለሁ። ሥራቸው የመኪና በር፣ መስታወትና ቁልፍ ነው። ከዚያ ውጭ አይነኩም። ሞተር ይዞ የመጣውን ደንበኛ «ይኼ የእኔ ሙያ አይደለም» ብለው ወደሚያምኑት ሰው ይልኩታል።

የኛ መኪና አሮጌ ኮሮላ ናት። ከእጅ ወደ እጅ ዞራ እኛ ጋ የደረሰች። የኋላው የቀኝ በር አንዴ ሲገፉት አይዘጋም ነበር። ከፍቶ መድገም ነው። «ጠንከር አድርገህ ዝጋው!» ሳይባል የወረደ ሰው የለም። ወደ አንድ ጋራዥ ወስደን አሳይተናል። ምንም ሳይፈቱ ከላይ ግራሶ ቀቡትና «በሩ ደህና ነው፣ ጠበቅ አድርጋችሁ ዝጉት» ብለው መለሱን። ለጊዜው ለዘብ አለ።

እናቴን ለሕክምና ቀጠሮ ወደ አዲስ አበባ ስንወስድ ዓባይ በረሃ ውስጥ ጉዱ መጣ። መንገዱን የሄዳችሁበት ታውቁታላችሁ። ከደጀን እስከ ወንዙ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ጠመዝማዛ ነው፤ ከባድ መኪናም አይጠፋበትም። ወደ ግራ የሚታጠፍ ኩርባ ላይ እናቴ የተደገፈችው በር ብርግድ ብሎ ተከፈተ። «የደብረ ወርቋ ማርያም!» ያለችው ጩኸት አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ደግነቱ ቀበቶ ታስራለች። «ሆዴን ይይዘኛል» ስትል ታናሽ ወንድሜ ነበር ለምኖ ያሰረላት። ቀበቶው ያዛት፤ ወንድሜም ጎትቶ ወደ መሀል አስጠጋት። ባለቤቴ ደንግጦ ፍሬን አልደፈቀም። ቀስ በቀስ ፍጥነት ቀንሶ ዳር ይዞ ቆመ። በሩን ለመያዝም ማንም እጁን አላወጣም።

መኪና ወደ ግራ ሲታጠፍ የሰው ክብደት ወደ ቀኝ ይሄዳል። እኛ አገር በቀኝ ስለሚነዳ የቀኙ በር የሚያየው የመንገዱን ጠርዝ ነው። እዚያ ቦታ ጠርዙ ምን እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም።

ከአዲስ አበባ ስንመለስ ጎረቤታችን የሆነ የታክሲ ሹፌር ነው ወደ ጋሼ የመራን።

ጋሼ በሩን ከፍተው ከታች በሁለት እጃቸው ያዙና ወደ ላይ አነሱት። በሩ ተነሳ። «አየሽው እታለም? ማጠፊያው ተበልቷል» አሉኝ። በሩ በራሱ ክብደት ወርዷል ማለት ነው። ሲዘጋ የመኪናው አካል ምሰሶ ላይ ያለውን መያዣ ብረት በትክክል አያገኘውም። ይመታዋል እንጂ አይጎርሰውም። ብረቱን በጣቴ አስነኩኝ። አንድ ጎኑ በምት ብዛት ተልጦ ያብረቀርቃል።

ቀጥለው ካቻቪቴ አመጡ። በሩ እንደተከፈተ ነው። በበሩ ጠርዝ በኩል፣ ሰራቱራው (የበሩ መቆለፊያ) ውስጥ፣ አፉ እንደ ሹካ የተከፈለ ትንሽ ዞሪ ብረት አለ። በሩ ሲዘጋ የምሰሶውን ብረት ጎርሶ የሚይዘው እሱ ነው። በካቻቪቴው ገፋ አደረጉት። «ቀጭ» አለ። «ይኼ ግማሽ ነው» አሉ። ደግመው ገፉት። «ቀጭ»። «አሁን ሙሉ ያዘ»። ከዚያ በካቻቪቴው መያዣ ሰራቱራውን ኳ ኳ አደረጉት። ሹካው ተፈናጥሮ ተመለሰ። የበሩን እጀታ የነካው ሰው የለም! ልቤ ስንጥቅ አለ። ዓባይ ላይ የሆነው ይኸው ነበር።

የበሩን የውስጥ ሽፋን አንስተው ሰራቱራውን ፈቱት። በላምባ ሲያጥቡት የወጣው ጥቁር ጭቃ ነው። ያ ከላይ የተቀባው ግራሶ የመንገድ አቧራ ይዞ ደርቆበታል። ውስጡ ሹካውን እንዳይመለስ የምታግድ ትንሽ ጥርስ አለች። ጥርሷን የሚገፋት ደግሞ ቀጭን ሞላ ነው። ሞላው ዝጓል። ጥርሷም በጭቃው ተይዛ ግማሽ መንገድ ላይ ትቀራለች። እንዲህ ሲሆን ሹካውን የምትይዘው በጫፏ ብቻ ነው። መኪናዋ ስትናጥ ታመልጣለች። ጋሼ ይህን ሁሉ እያንዳንዷን ብረት በጣታቸው እያንቀሳቀሱ ነው ያስረዱኝ። ሥራ የሚማር ልጅ አጠገባቸው አለ፤ እሱንም «አንተ ደግመህ ንገራት» አሉት። ልጁ ሳይሳሳት ነገረኝ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ነገሩ አንብቤያለሁ። በተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንቦች ውስጥ ቁጥር 11 የሚያወራው ስለ በር መቆለፊያና በሩን ስለሚይዙት ነገሮች ነው። አሜሪካም ቁጥር 206 የሚባል ተመሳሳይ ደንብ አላት። ጋሼ በካቻቪቴ ያሰሙኝ ሁለቱ «ቀጭ» በደንቦቹ ውስጥ አሉ፤ ግማሽና ሙሉ። በአንደኛው ፈተና ሙሉ የያዘ መቆለፊያ 11,000 ኒውተን መቋቋም አለበት። ከአንድ ቶን በላይ ክብደት ቢንጠለጠልበት እንደማለት ነው። ግማሽ የያዘው ግን የሚጠበቅበት 4,500 ብቻ ነው። «ተዘግቷል፣ ትንሽ ነው የቀረው» የምንለው በር እንግዲህ ከግማሽ በታች አቅም ይዞ ነው የሚሄደው። ያውም መቆለፊያው ጤነኛ ከሆነ።

የሞላ ነገር የአሮጌ መኪና ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 ፎርድ በበር መቆለፊያ ምክንያት ወደ 2.4 ሚሊዮን የሚጠጉ መኪኖችን ለጥገና ጠርቷል። ችግሩ ያቺን ጥርስ የሚገፋው ሞላ የሚያርፍባት ትንሽ ክፋይ መሰንጠቋ ነበር።

ወደ ጋሼ ልመለስ። ያንን ሰራቱራ መልሰው አልገጠሙትም። «ሞላ ፈልጌ ላስገባበት እችላለሁ፤ እናትሽ ለምትቀመጥበት በር ግን አላደርገውም» አሉኝ። ያገለገለ፣ ግን ጤነኛ ሰራቱራ ከአዲስ አበባ ከሶማሌ ተራ አስመጡልን። የመጀመሪያው ሲመጣ ያንኑ የካቻቪቴ ፈተና አደረጉበት። ሁለተኛውን «ቀጭ» አልወደዱትም፤ መልሰው ላኩት። ሥራውን የሚያዘገይ ነበር፤ ግድ አልሰጣቸውም። ሌላው ሲመጣ ፈትነው ገጠሙ። የማጠፊያውን ፒን ለወጡ። የምሰሶውን ብረት ብሎኖች ላላ አድርገው፣ በሩን ቀስ ብለው እየዘጉና እየከፈቱ ቦታውን አስያዙትና አጠበቁት። አሁን በሩ በቀላል ግፊት ይዘጋል። እናቴ ራሷ ዘግታ ትገባለች።

ሌላም ነገር አገኙ። የግራው የኋላ በር ከውስጥ አይከፈትም ነበር። ሁልጊዜ አንድ ሰው ወርዶ ከውጭ ነው የሚከፍተው። ሽፋኑን ሲያነሱ የውስጡን እጀታ ከሰራቱራው ጋር የሚያገናኘው ቀጭን ዘንግ ወልቆ ተንጠልጥሏል። ጫፉን የምትይዘው የፕላስቲክ ማያያዣ ተሰብራለች። ከጣት ጥፍር አትበልጥም። በዚያ ላይ በበሩ ጠርዝ ያለችው የሕፃናት መቆለፊያ ወደ ታች ተደርጋ ነበር። እሷ በተቆለፈች ጊዜ የውስጡ እጀታ ጤነኛ ቢሆንም በሩን አይከፍትም፤ ሕፃን እንዳይከፍተው ተብላ የተሠራች ናት። ሕፃን ከሌላችሁ ቦታዋን እዩ። ሕፃን ካላችሁ ደግሞ የውጭው እጀታ መሥራቱን አረጋግጡ። ሁለቱም እምቢ ካሉ ያ በር ግድግዳ ሆነ ማለት ነው።

እኔን እውነቱን ለመናገር በጉዞ ላይ ከሚከፈተው በር ይልቅ የማይከፈተው ይበልጥ ያስፈራኛል። የሚከፈተው ይጮሃል፤ ሰው ያየዋል፤ ይሠራል። የማይከፈተው ግን ዓመት ሙሉ ዝም ብሎ ይቀመጣል። መኪናው ተገልብጦ ወይ እሳት ተነስቶ ሰው እጀታውን ሲጎትት ነው ባዶ መሆኑ የሚታወቀው። በሚኒባስም ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ። የተንሸራታቹ በር የውስጥ እጀታ ይሰበራል፣ ከዚያ በኋላ ረዳቱ በመስኮት እጁን አውጥቶ ይከፍታል። ረዳቱ ቢጎዳ ማን ይከፍታል? የመኪና ባለቤቶች፣ እባካችሁ ይህን አሠሩት። ተሳፋሪዎችም ከመናኸሪያ ከመውጣታችሁ በፊት በሩ ከውስጥ ይከፈት እንደሆነ ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም። በሩን በገመድ ወይ በሽቦ አስሮ የሚሄድ መኪና ላይ ግን አትውጡ። እንዲህ ያለ በር ሲያዝም አደጋ፣ ሲከፈትም አደጋ ነው።

ጋሼ የነገሩኝን ጥቂት ነገር ላካፍላችሁ። የካቻቪቴውን ፈተና ቤታችሁ ማድረግ ትችላላችሁ። ሁለቱም «ቀጭ» መሰማት አለበት። ሲያልቅ ግን የበሩን እጀታ ስባችሁ ሹካውን አስለቅቁት፤ እንደተቆለፈ በሩን ብትገፉት ከምሰሶው ብረት ጋር ይጋጭና ይሰበራል። የውስጥ መብራት ጠፋ ማለት በሩ ሙሉ ያዘ ማለት አይደለም። በብዙ አሮጌ መኪኖች መብራቱን የሚያጠፋው ምሰሶው ላይ ያለ ቁልፍ ስለሆነ፣ በሩ በግማሹ ቢይዝም ሊጠፋ ይችላል። በእጅ ገፋ አድርጎ ማረጋገጥ ነው። በክረምት ደግሞ ከበሩ ሥር ያሉትን ትንንሽ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች ጥረጉ። በጭቃ ሲደፈኑ ውሃው በሩ ውስጥ ይቀራል፤ ዝገቱ ከዚያ ይጀምራል። የኛ አገር ክረምት ደግሞ ቀላል አይደለም። ሰራቱራ ላይ ግራሶ የሚቀባው መጀመሪያ ታጥቦ ነው፤ ያውም በስሱ።

ስለ ዋጋ የሚጠይቀኝ ይኖራል። ጋሼ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት የእጅ ዋጋቸውንና የዕቃውን ዋጋ ለየብቻ ይናገራሉ። ያቺን የፕላስቲክ ማያያዣ ለመቀየር «እጀታው ሙሉ ይለወጥ» ሊሉኝ ይችሉ ነበር። አላሉም። የወጣውንም አሮጌ ዕቃ በካርቶን አድርገው ሰጡኝ።

ጋሼ፣ ይህን ልጅዎ አንብቦልዎት ከሆነ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እጅዎ ይባረክ። እናቴም በየጸሎቷ ስምዎን ትጠራለች።

አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጄ እልክላችኋለሁ። ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል፤ ከሰዓት በኋላ ሰልፍ አለ። የመኪናዋን ሞዴልና የተመረተችበትን ዓመት ይዛችሁ ሂዱ። የሰራቱራ ዕቃ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ከሆነ ግራውን ከቀኝ፣ የፊቱን ከኋላ ለይተው ነው የሚያዝዙት።